«ከሞፈር እንዲያወጣው ነው ያስተማርኩት»

ይህ በቅርቡ እነዋሪ ላይ በተደረገ የወላጆች ቀን የተናገርኩት ነው። በዕለቱ መምጣት ያልቻሉ ወላጆች በጽሑፍ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። ከማስታወሻዬ እያየሁ ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን አስገብቻለሁ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ተማሪዎች፣ እናንተም እንደምን ዋላችሁ።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ግብርና አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። አንዳንዶቻችሁ ማሳ ዳር ቆመን ስንከራከር ታውቁኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጠላ አቅርባችሁልኛል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለማላውቀው ሰው አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የልጃቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር አይተው ነው። «መምህር፣ ግብርና ይማራል አሉኝ» አሉ። «አዎ» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ እኮ ከሞፈር እንዲያወጣው ነው ያስተማርኩት። እርሻማ እቤቱም አለለት።»

ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። «ጥሩ ትምህርት ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። ግን ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። እኚህ ሰው ልጃቸውን ሲያስተምሩ ስንት ነገር እንደጎደለባቸው አውቃለሁ። የሚያርስ እጅ ጎድሎባቸዋል፤ የሚጠብቅ እረኛ ጎድሎባቸዋል። ያን ሁሉ ከፍለው ልጁ ተመልሶ ስለ ጤፍና ስለ ባቄላ ሲማር ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ዛሬ የመጣሁት ያኔ ያልሰጠኋቸውን መልስ ይዤ ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ግብርናን እንደ ፊዚክስና እንደ ባዮሎጂ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ይማራሉ። ሰብል አለው፣ እንስሳት አለው፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ አለው፣ ሥርዓተ ምግብም አለው። ነገሩ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። አምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የተጀመረው። ጅማም የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። በንጉሡ ጊዜ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እርሻ፣ የቤት ባልትና፣ የንግድ ሥራ ያስተምሩ ነበር። ከእናንተ መካከል ይህን የሚያስታውስ አይጠፋም።

ስለ ጅማ ካነሳሁ አንድ ሰው ልጥራ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ይባላሉ። በ1950 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ሸዋ፣ ወሎንኮሚ ተወለዱ። ያደጉት በድህነት ነው። ለትምህርታቸው የቆሙት እናታቸው ነበሩ። ልጁ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን ሲማር ይሰነብታል፤ ዓርብ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተጉዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አልፎ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ። ሁለተኛ ደረጃውን የተማረው እዚያ ነው፤ እርሻ እየተማረ። ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የተሸለሙት በማሽላ ሥራቸው ነው፤ ከሥራቸው አንዱ አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ ነው። ቆላ ጀማ ላይ ዘመድ ያላችሁ አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። አበባው ያምራል፤ ማሽላውን ግን ከሥሩ ሆኖ ይመጠዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። ታዲያ ማሽላ መዘራቱን በምን ያውቃል? ማሽላው ራሱ በሥሩ በኩል የሚለቀው ኬሚካል አለ። አቀንጭራው ያን ሲያገኝ ነቅቶ ይበቅላል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት በጣም ጥቂት ብቻ የሚለቁ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው አዳቀሉ። አቀንጭራው ማሽላው አጠገብ ተኝቶ ይቀራል፤ የሚቀሰቅሰው የለም።

አያቶቻችን አቀንጭራን ሲነቅሉ ኖረዋል። ዘሩ ለምን እንደሚነቃ የጠየቀው ግን ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ እርሻ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው። መልሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እናንተ እንዴት እንደሚታረስ ታውቃላችሁ። ልጁ ትምህርት ቤት የሚማረው ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ነው። «ለምን»ን የያዘ ልጅ፣ እናንተ መልስ ያላገኛችሁለትን ነገር ሊፈታ ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን አፈር ልምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ወረዳችን ሞረትና ጅሩ የዋልካ፣ የጥቁር ሸክላ አፈር፣ ሀገር ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የበግ ግልገል እግር ይይዛል። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውሃው መውረጃ ያጣና ላዩ ላይ ይተኛል። ይህን ለእናንተ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ግን ለምን? የዋልካ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ሸክላ ናቸው። እያንዳንዱ ቅንጣት እንደተነባበረ እንጀራ ስስ ስስ ንጣፍ አለው። ውሃ በንጣፎቹ መካከል ይገባና ይለያያቸዋል፤ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፤ አፈሩ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል።

ውሃ ሲተኛበት ደግሞ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። ብዙ ሰው «ውሃ በዛበት» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሥር እንደኛ አየር ይፈልጋል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አየሩ በውሃ ሲተካባቸው አንዳንዶቹ ኦክስጅኑን ከናይትሬት ላይ ይነጥቃሉ። ናይትሬት ማለት እናንተ ገንዘብ ከፍላችሁ ዩሪያ የምትጨምሩለት ነገር ነው። የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ የገዛችሁት ማዳበሪያ ይተናል። ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ርቦት ነው።

የሀገራችን ሰው ለዚህ መፍትሔ ሲፈልግ ኖሯል። በብዙ የዋልካ ሀገር ገበሬው ክረምቱን ማሳውን ባዶ ያሳልፍና መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። እነዋሪ ግን ሌላ ዘዴ ነበራት። እናቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው፣ በእጃቸው አፈሩን ከቦዩ እያወጡ መደብ ላይ ይከምሩ ነበር። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴው መደቡ ላይ በቅሎ ሥሩ ይተነፍሳል። የዋልካን ጉዳይ ያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን የእነዋሪ አሠራር በጽሑፋቸው መዝግበውታል። እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ ወገባችሁን ያመማችሁ ሥራ የሳይንስ ጽሑፍ ላይ አለ። ይህን ለክፍል ተማሪዎች ስነግራቸው አንዲት ልጅ «እናቴ ታውቃለች?» አለችኝ። ሄደሽ ንገሪያት አልኳት።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሀገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብና ቦይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ቢቢኤም የምትሉት ያ ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኋላ ደግሞ አይባር የተባለው ቀለል ያለ መሣሪያ መጣ። የእናቶች እጅ የሚሠራውን በሬ ሠራው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እኔም እንደ መምህር አጥፍቼ ስለነበር ነው።

ማስተማር የጀመርኩ ዓመት መጽሐፉን ይዤ ገባሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የአፈር ዓይነቶችን በሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ቨርቲሶል፣ ኒቲሶል፣ ካምቢሶል። የቨርቲሶልን ጠባይ አንድ ሁለት ብዬ ዘረዘርኩ። ልጆቹ በደንብ ጻፉ። አንዱ እጁን አወጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጥ። «መምህር፣ ይሄ ቨርቲሶል የሚሉት የት ሀገር ነው ያለው?» አለኝ።

ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ቨርቲሶል ነበር።

እኔ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ዋልካ ላይ ነው የኖረው። አባቱ ስለ ዋልካ ቁጭ ብሎ ማታ ሙሉ ማውራት ይችላል። እኔ ግን ዋልካን በባዕድ ስም ጠርቼ ከልጁ ደበቅኩበት። እኔም የሠለጠንኩት እንዲሁ ነው። በተማርኩበት ኮሌጅ ሙሉ ሴሚስተር ስለ መስኖ ተምረን አንድ ቦይ ሳንቆፍር ጨርሰናል። የለመድኩትን ነበር ያደረግኩት። ለልጁ ግን ይህ ምክንያት አይሆነውም።

በማግሥቱ ክፍሉን ይዤ ከአጥሩ ጀርባ ወጣሁ። ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርን። ልጆቹ የጉድጓዱን ግድግዳ በእጃቸው እየዳሰሱ የአፈሩን ንብርብር ለዩ። አንዱ አፈሩን በምራቁ አርሶ እንደ ትል አሽከረከረው፤ እንዲህ ሲጠቀለልና ሳይቆራረጥ ሲረዝም ሸክላ የበዛበት ነው አልኳቸው። ያን ቀን የተማሩትን እስካሁን ያስታውሳሉ። ያለ መሬት የሚሰጥ የግብርና ትምህርት ያለ ኳስ እንደሚሰጥ የኳስ ትምህርት ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከጉድጓዱ ቀጥሎ ሁለተኛው ትምህርታችን ባቄላ ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ማሳ አንድ የባቄላ ግንድ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ። ሥሩን በውሃ አጥበን አየነው። ትንንሽ እብጠቶች አሉት። በምላጭ ሰነጠቅናቸው። አንዳንዱ ውስጡ ሮዝ ነው፤ አንዳንዱ አረንጓዴ ወይም ግራጫ። ሮዙ እየሠራ ያለ ነው። በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለባቄላው ይሰጡታል። አየር ደግሞ 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ ማለት ነው። ለዚያች 23 ኪሎ የምትከፍሉትን ታውቁታላችሁ። ባቄላው ግን የራሱን ከአየር ያመጣል፤ ሥሩና ቅጠሉ አፈሩ ላይ ከቀረ ለሚቀጥለው ስንዴም ይተርፋል። አባቶቻችን ስንዴን ከባቄላ ጋር ሲያፈራርቁ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ደስ ያለኝ ነገር መጣ። የአንድ ልጅ ባቄላ ሥሩ ላይ እብጠት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ሳቁበት። እሱ ግን ተነሥቶ «መምህር፣ የእኛ ማሳ ለምን?» አለ። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ነበር። ባክቴሪያውም አየር ይፈልጋል። ልጁ ይህን ለአባቱ ነገረው። ዘንድሮ አባቱ ያን ማሳ በመደብ ዘርተውታል። አባቱ እዚህ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም።

ጤፍንም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። አበባዋ ደግሞ ከዚያ የባሰች ናት። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ዘመን ታምኖ ነበር፤ አበባዋ ስትከፈት ያየ ሰው ስላልነበረ። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶክተር ታረቀ በርሄ የምትከፈትበትን ሰዓት አገኙት። ማለዳ ነው፤ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ። ሌላው ሰው ቁርስ ሲበላ ነው የምትከፈተው። ከዚያ በኋላ ደብረ ዘይት ላይ ማዳቀል ተጀመረ። ምርታማዋን ዱከምን ከነጯ ማኛ ጋር አዳቅለው በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ ወጣች። ቁንጮን ያልዘራ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ብዙ አይደለም። ያን ሁሉ ለውጥ ያመጣው በማለዳ ተነሥቶ አበባን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ነው። ልጆቻችሁ ለዚህ ላብራቶሪ አያስፈልጋቸውም። ማለዳ መነሣት ከእናንተ ተምረዋል።

እናቶች ስለ ዘር ለልጆቻችሁ አውሩላቸው። ምስሩን ለዘር ስታስቀምጡ አመድ ትነሰንሱበታላችሁ። ነቀዝ እንዳይበላው ነው። አመዱ የነቀዙን ገላ ይፍቀዋል፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ ሰም ሲነሣ ውሃው ያልቅና ደርቆ ይሞታል። ይህን ሴት ተማሪዎቼ ከእናታቸው ሰምተው ክፍል ውስጥ ሲናገሩ፣ ወንዶቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ጓዳ የእውቀት ቤት መሆኑን ያኔ ያዩታል።

የገበሬ ዘር ዋጋው እዚህ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ ዘረ መል በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስ ማሳ ከሚያቀጭጭ ቫይረስ አድኗል። ዶክተር መላኩ ወረደ ለሀገራችን የዘር ባንክ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህ ስለገባቸው ነው። ባንኩ የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው ዘርን በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ጎታና ማሳ ላይም ማቆየት ያስፈልጋል ብለው የሠሩ ሰው ናቸው።

ወደ ተፈጥሮ ሀብት ልግባ። ይህ የትምህርቱ ክፍል ለእኔ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ከመስኮቴ ይታያል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ሸለቆ ታውቁታላችሁ። ያኔ በልማት ሠራተኝነት ስመጣ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ቦረቦር ነበር። አሁን በሬ ወድቆበት በገመድ ነው የወጣው። ያ አፈር ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ሄዷል። የሄደው ደግሞ የላዩ ነው፤ ፍግ ያለበት፣ ጥቁሩ፣ ያሳደገን።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሁላችንም ለተፋሰስ ሥራ እንወጣለን። ድንጋይ እንሸከማለን፤ እርከን እንሠራለን። እውነቱን እንነጋገር፤ አንዳንዱ እርከን በሚቀጥለው ክረምት ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መስመሩ ነው። እርከኑ ከፍታውን ካልጠበቀ ውሃው ዝቅ ወዳለው ጫፍ ይሮጥና እዚያ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ቦረቦር ይጀምራል። ዘንድሮ ተማሪዎቼ ኤ ፍሬም የሚባለውን የከፍታ መለኪያ ሠሩ። ሦስት እንጨት፣ ሚስማር፣ ገመድና አንድ ድንጋይ ነው የፈጀው። ሁለቱ እንጨቶች ሁለት ሁለት ሜትር ናቸው፤ ከላይ ይገናኛሉ። ሦስተኛው መሐል ላይ ይጋደማል። ድንጋዩ ከላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ መሐሉን ምልክት ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። እንደ ኮምፓስ እያዞሩ ካስማ እየተከሉ መሄድ ነው። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም።

ባለፈው የካቲት ተራራው ላይ ይህን ይዘው ወጡ። ትልልቆቹ ሰዎች መጀመሪያ «የልጆች ጨዋታ» ብለው ነበር። አንድ አዛውንት ግን ቁጭ ብለው ገመዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ራሳቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ ካስማውን የሚተክሉት እሳቸው፣ የሚያነቡት ልጆቹ ሆኑ። የዚያን ቀን ምስል ብስለው ደስ ባለኝ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ጣውላና ማገዶ ነው፤ ብር ነው። ልጆቹ ግን አንድ ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ ከባሕር ዛፉ ጥግ ጀምሮ ስንዴው በስንት ርምጃ እንደሚያገግም ይለካሉ። ውጤቱን እናንተው ፍረዱ።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ ወደያዛችሁት ልምጣ። ተማሪዎች «መምህር፣ ይሄ እኮ ማትሪክ ላይ አይመጣም» ይሉኛል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። የቤተሰብ ተስፋ ትከሻቸው ላይ አለ። ግን የባቄላውን ሥር የሰነጠቀ ልጅ የባዮሎጂውን የናይትሮጅን ዑደት አይረሳም። የአፈር አሲድነት ለክቶ፣ ቀይ አፈር ላይ ለምን ኖራ እንደሚጨመር የገባው ልጅ የኬሚስትሪውን ፒኤች ደግሞ አይፈራም። ሰዓታችሁን አልሰረቅኩም። የሌሎቹን ትምህርቶች ወደ መሬት አወረድኩላችሁ እንጂ።

ሥራስ? በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። የእንስሳት ሐኪም አለ። የምግብ ሳይንስ አለ፣ የአፈር ላብራቶሪ አለ፣ የዘር ብዜት አለ። ደብረ ብርሃን ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ሞፈር ያልያዙ፣ ግን ሞፈርን የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጋሉ።

የጅሩ ሰንጋ ደግሞ አለላችሁ። አዲስ አበባ ላይ በበዓል ዋዜማ ስሙ ብቻ ዋጋ ይጨምራል። ገበሬው በሬውን በእጁ እያጎረሰ ሲቀልብ አይታችኋል። ልጅ ሆኜ ለምን የምስር ገለባ ከስንዴ ገለባ እንደሚመረጥ አይገባኝም ነበር። የጥራጥሬ ገለባ ፕሮቲኑ ይበልጣል፤ በሬውም ቶሎ ይፈጨዋል። ይህን የሚያውቅ ወጣት መኖውን መዝኖ፣ ወጪውን ጽፎ ሲያደልብ፣ አክሳሪውን በሬ ከጅምሩ ይለየዋል። የአባቶቻችን ዓይን ይህን ያለ ወረቀት ያደርገዋል። ወረቀቱ ለልጁ የሚያስፈልገው ዓይኑ እስኪበስል ነው።

ከተነሱት ጥያቄዎች የመጀመሪያው የአንድ አባት ነበር። «መምህር፣ የተናገርከው ሁሉ ደስ ይላል። ግን ለልጄ የማካፍለው መሬት የለኝም። ያለኝን ለሦስት ብከፍለው ለማንም አይበቃም። ታዲያ ግብርና ተምሮ የት ሊያርስ ነው?» አሉኝ።

ትክክል ነዎት አልኳቸው። ትምህርቱ መሬት አይሰጥም። ይህን ለማንም አልዋሽም። እኔም ራሴ ከአባቴ መሬት አልደረሰኝም። ነገር ግን ብዙ መሬት የማይፈልጉ ሥራዎች አሉ። ችግኝ ማፍላት፣ ዶሮ፣ ንብ፣ ማድለብ፣ የጓሮ አትክልት፣ የተሻሻለ ዘር ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ማባዛት። እነዚህ ሁሉ ከስፋት ይልቅ እውቀት ይፈልጋሉ። አንድ የዶሮ በሽታ ባለማወቅ ስንት ወጣት ተበድሮ እንደከሰረ አይተናል። መሬት የሌለው ልጅ ከሁሉ በላይ ይህ ትምህርት ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከተማሪ ነው። ሴት ልጅ ናት። «መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እናቴ የምታውቀው በአማርኛ ነው። ፈተናው ላይ የእናቴን ብጽፍ ታርሙልኛላችሁ?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ የማወጣው ፈተና ላይ አዎ፣ አርምልሻለሁ አልኳት። የእናትሽን እውቀት ጻፊ፤ አጠገቡ የእንግሊዝኛውን ስም ጻፊ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ እንዲሁ እያደረግን ነው። ተማሪዎቹ የራሳቸውን መዝገበ ቃላት ጀምረዋል፤ ዋልካ፣ መረሬ፣ ቦረቦር፣ ነቀዝ፣ ቆርምድ እያሉ፣ ትይዩው ላይ የመጽሐፉን ቃል።

ስለ ቆርምድ እግረ መንገዴን ላንሳ። ባቄላችሁን ቅጠሉ ላይ እብጠት እያወጣ የሚያቀጭጨው እሱ ነው። ልጆቹ መቼ እንደሚጀምር በየማሳው እየመዘገቡ ነው። መጥተው ሲጠይቋችሁ አታባርሯቸው።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ርእሰ መምህሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ፈቅደውልናል። ሃያ በሃያ ሜትር ይሆናል። ግማሹን እንደ ድሮው፣ ግማሹን በመደብና ቦይ እንዘራዋለን፤ ስንዴና ባቄላ። ልጆቹ ከዘር እስከ አጨዳ ይመዘግባሉ፤ የትኛው ስንት ኪሎ እንደሰጠ በሚዛን እንለካለን። አጨዳው ላይ ሁላችሁም ትጠራላችሁ።

ይህን ብቻዬን አልችለውም። መደብ በእጅ የሠሩ እናቶች ሁለት ወይም ሦስት መጥተው ለልጆቹ እንዲያሳዩልኝ እፈልጋለሁ፤ በቢቢኤም ከመሠራቱ በፊት በእጅ እንዴት እንደነበር ይዩ። ጥማድ በሬ ለአንድ ጠዋት የሚያውሰን ሰው እፈልጋለሁ። ያ «ከሞፈር እንዲያወጣው ነው ያስተማርኩት» ያሉኝ አባት እዚህ ካሉ፣ ሞፈሩን እንዲይዙልኝ የምለምነው እሳቸውን ነው። ልጃቸው ርዝመቱንና ጥልቀቱን እየለካ ይከተላቸዋል።

የምንጀምረው የፊታችን ሐሙስ ነው። በዓል እንዳይሆን አይቻለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በጓሮው በር ግቡ። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። ከብት እንዳይገባብን ለአጥር የሚሆን እሾህም ያስፈልገናል።